ፕራይመር በእጅ መግጠም፦ መሣሪያውን እንዴት እንምረጥ?

እንደምን ዋላችሁ። ለዛሬ የያዝነው ጉዳይ ጠበብ ያለ ነው፤ በተጸዳ ቀለህ ግርጌ፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን አዲስ ፕራይመር የምንገጥምበት የእጅ መሣሪያ። እዚህ አሜሪካ ለአጋዘን አደን ወይም ለዒላማ ተኩስ ጥይታችሁን ራሳችሁ የምትሞሉ ሰዎች ፕሬሱን (ቀለሁን የሚጫነውን ማሽን)፣ ዳዩን (ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰውን ቅርጽ ማውጫ) እና የባሩድ ሚዛኑን ጠይቃችሁ፣ አወዳድራችሁ ነው የምትገዙት። የፕራይመር መግጠሚያው ግን ዋጋው ዝቅ ስለሚል ብዙ ሰው ሳያስብበት ከመደርደሪያ አንስቶት ይሄዳል። ይህ ያሳስበናል። በዚህ እርምጃ በጣታችን የምንይዘው ነገር ሲመታ የሚፈነዳ ነው። ጥይቱ ይተኮስ ወይም ይክሸፍ የሚለውም በአብዛኛው የሚወሰነው እዚሁ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ስትመርጡ «በሰዓት ስንት ይገጥማል?» የሚለውን ወደ ኋላ አቆዩት። ከዚያ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ፕራይመሩ የሚገባበትን ጉድጓድ ወለል ሲነካ እጄ ያውቀዋል ወይ? አንዱ ቢፈነዳስ እሳቱ ትሪው ውስጥ ወዳሉት ይደርሳል ወይ?

ስለ ሕጉ በአጭሩ እንበልና እንለፍ። በአሜሪካ የፌደራል ሕግ ለግል መጠቀሚያ ጥይት መሙላት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ መሙላት ግን ዓይነት 06 የሚባለውን የጥይት አምራች ፈቃድ ይጠይቃል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ በመሠረቱ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ካስቀመጣቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ከዚህ በላይ የየግዛቱና የየከተማው ሕግ ስለሚለያይ ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ። ፕራይመርና ባሩድ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣም በሚጫን ሻንጣም አይሄድም። ወደ አገር ቤት ይዤ ልሂድ የሚል ካለ ደግሞ፣ በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ክልክል ነው። የምንናገረው ሁሉ እዚህ አሜሪካ በሕግ ለተፈቀደለት ሰው ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ፕራይመር ትንሽ የብረት ኩባያ ናት። በኩባያዋ ውስጥ ሲመታ የሚፈነዳ ስስ ቅመም አለ፤ ከላዩ ደግሞ መስፍ የምንላት እግር ያላት ትንሽ ብረት ተቀምጣለች። የጠመንጃው መርፌ ኩባያውን ከውጭ ሲመታ ቅመሙ በኩባያውና በመስፉ መካከል ይጨፈለቃል፤ ብልጭታው በጉድጓዱ ወለል ላይ ባለችው የእሳት ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያነዳል። ከፋብሪካ ሲመጣ የመስፉ እግር ከኩባያው አፍ በጥቂቱ ወጣ ብሎ ይታያል። ይህች ትንሽ ትርፍ ለምክንያት የተተወች ናት። ፕራይመሩን ስንገጥም መጀመሪያ የመስፉ እግር የጉድጓዱን ወለል ይነካል፣ ቀጥሎ ኩባያው ጥቂት ወደ ታች ሲገፋ መስፉ ቅመሙን ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል። ፕራይመሩ በትክክል ለመተኮስ የሚዘጋጀው በዚህች የመጨረሻ ግፊት ነው።

ፕራይመሩ ወለሉን ሳይነካ ከቀረ ምን ይሆናል? መርፌው ሲመታው ጉልበቱ ቅመሙን በመጨፍለቅ ፋንታ ፕራይመሩን ወደ ውስጥ በመግፋት ያልቃል፤ ጥይቱ ይከሽፋል። ያው ጥይት ሁለተኛ ሲሞከር የሚተኮሰው የመጀመሪያው ምት ፕራይመሩን ቦታው ስላደረሰው ነው። ስለዚህ «ፕራይመሩ መጥፎ ነው» ተብሎ አምራቹ ከሚወቀስባቸው ክሽፈቶች ብዙዎቹ የአገጣጠም ጉድለት ናቸው። ከክሽፈት የባሰም አለ። እንደ ኤአር-15 እና ኤም1 ጋራንድ ባሉ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች መርፌው በስፕሪንግ አይያዝም፣ በነጻነት ይንሸራተታል፤ መቀርቀሪያው ጥይት ጎርሶ ሲዘጋ መርፌው ፕራይመሩን በቀስታ ይነካዋል። ፕራይመሩ ከቀለሁ ግርጌ ወጥቶ የቆመ ከሆነ ምላጭ ሳይሳብ ሊተኮስ ይችላል። በተዘዋዋሪ መጋዘን ሽጉጥ ላይ ደግሞ ወጥቶ የቆመ ፕራይመር ከኋላው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ መጋዘኑን እንዳይዞር ያደርገዋል።

ስለዚህ የምንፈልገው ፕራይመሩ ከቀለሁ ግርጌ ገጽ በታች እንዲቀመጥ ነው፤ ጥይት ሞይዎች በተለምዶ ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች ዝቅ እንዲል ይሠራሉ። ግን ቁጥሩን እንደ ዒላማ አትያዙት። ዒላማው የመስፉ እግር ወለሉን መንካቱና ኩባያው በልክ መጠበቁ ነው፤ ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በፕሬሱ ላይ ያለው የፕራይመር መግጠሚያ ክንድ ይህን ሥራ አይሠራም ማለታችን አይደለም። ይሠራል፣ ብዙ ሰውም ዕድሜውን ሁሉ ይጠቀምበታል። ችግሩ የፕሬስ ክንድ ረጅም መሆኑ ነው። ዳዩ ውስጥ ቀለህ ለማጥበብ የተሠራ ጉልበት አንዲት ቀጭን ኩባያ ላይ ሲያርፍ፣ ፕራይመሩ ወለሉን መንካቱና ኩባያው መጨማደዱ ለእጅ አንድ ዓይነት ሆነው ይቀራሉ። አጭር ክንድ ባለው የእጅ መሣሪያ ላይ ግን ሦስት ነገር ለይታችሁ ትሰማላችሁ፦ ኩባያው የጉድጓዱን አፍ ሲይዝ የምትሰማ ትንሽ ተቃውሞ፣ ከዚያ እኩል የሆነ መንሸራተት፣ በመጨረሻ ወለሉ ላይ ሲደርስ ድንገት ጠንከር የሚል ማቆሚያ። የእጅ መሣሪያ ገንዘብ የሚወጣበት ለዚህ ስሜት ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያዩ መግጠም ይቻላል የሚለው ማስታወቂያ መልካም ምክር አይደለም፤ እጅ የሚሰማው አእምሮ አብሮት ሲሆን ነው።

አሁን መሣሪያውን በክፍል በክፍሉ እንየው። ፕራይመሮቹ የሚፈስሱበት ትሪ አለው። ከትሪው አንድ በአንድ ወደ መግፊያው የምታደርስ መተላለፊያ አለች። ከታች የሚገፋ ዘንግ አለ፤ ለትልቅና ለትንሽ ፕራይመር የሚቀያየሩ ሁለት ዘንጎች አብረው ይመጣሉ። የቀለሁን ጠርዝ የሚይዝ መያዣ አለ። በመጨረሻም የምትጨብጡት ክንድ አለ። ምርጫችሁን የሚወስኑት መያዣው፣ መተላለፊያዋና ክንዱ ናቸው።

ከመያዣው እንጀምር፤ ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በየፋብሪካው ያለው የመያዣ ቁጥር አይመሳሰልም። ለ.308 ዊንቸስተር፣ ለ.30-06 ስፕሪንግፊልድና ለ.45 ኤሲፒ ጥይት የሚሆነው መያዣ በአርሲቢኤስ ቁጥር 3 ነው፣ በሊ ግን ቁጥር 2። ለ.223 ሬሚንግተን በአርሲቢኤስ 10፣ በሊ 4። ለ9 ሚሊ ሜትር ሉገር በአርሲቢኤስ 16፣ በሊ 19። «ቁጥር 4 አለኝ» ብሎ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ የማይገባ የሚሆንበት ሰው ብዙ ነው፤ የአርሲቢኤስ 4 ለ7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነምና ለ.300 ዊንቸስተር ማግነም ነውና። ሌላም አለ፦ የሊ አውቶ ፕራይም መያዣ ከሊ የፕሬስ መያዣ የተለየ ነው፤ ቁጥሩ ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። መያዣዎቹ ራሳቸውን ችለው በስብስብ ይሸጣሉ፣ ያንን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምሩት።

የፕሬስ መያዣ ቀድሞ ያለው ሰው ያንኑ የሚቀበል መሣሪያ ቢገዛ ያተርፋል። የአርሲቢኤስ መደበኛው የእጅ መግጠሚያ እንዲህ ያለ ነው። ብዙ ዓይነት ጥይት ለሚሞላ ሰው ደግሞ የዚያው ኩባንያ ዩኒቨርሳል የተባለው አለ፤ መያዣ ፈጽሞ አይፈልግም፣ በስፕሪንግ የሚከፈቱና የሚዘጉ መንጋጋዎች የቀለሁን ጠርዝ ይይዛሉ። ከ.32 ኤሲፒ እስከ .45-70 ድረስ አንዱ መሣሪያ ይበቃል። የሚከፈልበት ዋጋ ይህ ነው፦ መንጋጋ ቀለሁን የሚይዘው በልኩ እንደተሠራ መያዣ አጥብቆ አይደለም፣ ስለዚህ ቀለሁ ትንሽ ሊያጋድል ይችላል። ለአደንና ለተራ ዒላማ ይህ ልዩነት አይታይም። ረጅም ርቀት ለሚተኩስ ግን እኛ መያዣ ያለውን እንመርጣለን። የፍራንክፎርድ አርሰናል ፐርፌክት ሲት ከ12 መያዣዎች ጋር ይመጣል፤ አካሉ የብረት ነው፣ ለጀማሪ ከአንድ ሣጥን ሁሉም ነገር ተሟልቶ ስለሚገኝ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ሁለተኛው መተላለፊያዋ ናት፤ በዚህ ላይ ቸል ማለት አይገባም። በትሪው ውስጥ 100 ፕራይመር ተቀምጦ ከዘንጉ በላይ ያለው አንድ ፕራይመር ቢፈነዳና እሳቱ ክፍት መንገድ ቢያገኝ፣ የቀሩት ተከታትለው ሳይሆን በአንድ ጊዜ ነው የሚሄዱት። የፕላስቲክ ትሪ ያኔ ፍንጣሪ ይሆናል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መሣሪያውን ስታነሱ ክንዱን በዝግታ ጭበጡና ዘንጉ ሲወጣ ከትሪው የሚመጣው መንገድ በብረት ወይም በመዝጊያ ይዘጋ እንደሆነ ተመልከቱ። አርሲቢኤስ ዩኒቨርሳል ላይ ያለው መዝጊያ በየጭብጡ እየተንቀሳቀሰ የሚገጠመውን ፕራይመር ከትሪው ይለያል፤ ይህን መሣሪያ የምናደንቅበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው። ክብ ትሪ የነበረው የድሮው የሊ አውቶ ፕራይም መመሪያ ደግሞ የሲሲአይና የዊንቸስተር ፕራይመር ብቻ እንዲጠቀሙበት ያዝዝ ነበር። ፌደራል የተባለው ፋብሪካ ፕራይመር በቀላሉ የሚፈነዳ መሆኑ በጥይት ሞይዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሰፋ ባለ ሣጥን የሚታሸገውም ያለ ነገር አይደለም። ያገለገለ መሣሪያ ከሰው ወይም ከጋራዥ ሽያጭ ስትገዙ መመሪያውን ሳታገኙና ሳታነቡ ፌደራል አትጨምሩበት።

ሦስተኛው ክንዱ ነው። በአውራ ጣት የሚገፋ አለ፣ በሙሉ መዳፍ የሚጨበጥ አለ። ሃምሳ ጥይት ለሚሞላ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። አምስት መቶ ቀለህ ሲሆን ግን አውራ ጣት ይዝላል፣ የዛለ ጣት ደግሞ ስሜቱን ያጣል፤ የኋለኞቹ መቶ ጥይቶች ከመጀመሪያዎቹ በከፋ ሁኔታ ይገጠማሉ። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባችሁ በግድ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ መግዛት የለባችሁም። ጠረጴዛ ላይ የሚታሰርና ረዘም ያለ ክንድ ያለው መግጠሚያ አለ፤ ክንዱ ከፕሬስ ያጠረ ስለሆነ ስሜቱን ይጠብቃል፣ ለእጅ አንጓም ይራራል። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ክንዱን ከፍታችሁ ጣቶቻችሁ ጫፉ ላይ ይደርሱ እንደሆነ ሳትሞክሩ አትግዙ፤ ከጫፉ የማይደርስ እጅ ወደ መገጣጠሚያው ተጠግቶ ስለሚጨብጥ ሁለት እጥፍ ይደክማል።

አሁን ብዙ ወደሚጠየቀው ነገር እንምጣ፤ ጥልቀት የሚስተካከልበት መሣሪያ ይሻላል ወይ? አንዳንዶቹ፣ ፐርፌክት ሲትም ጭምር፣ ዘንጉ እስከ የት እንደሚወጣ የሚወስን መዘውር አላቸው። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ አንዴ አስተካክሎ ሁሉንም እኩል መግጠም። ግን መሣሪያው የሚለካው ከየት እንደሆነ እንይ። ዘንጉ ከታች ሲገፋ ቀለሁ ወደ ላይ ይነሣና ጠርዙ በመያዣው ከንፈር ይታገዳል። ስለዚህ መለኪያው የጠርዙ የላይኛው ፊት ነው። የጠርዙ ውፍረት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ጠርዙ ወፈር ያለ ቀለህ ግርጌው ወደ ዘንጉ ስለሚጠጋ ፕራይመሩ ጠልቆ ይገባል፣ ሳሳ ያለው ላይ ደግሞ ፕራይመሩ ከፍ ብሎ ይቀራል። የጉድጓዱ ጥልቀትም እንዲሁ ይለያያል። መዘውሩ የሚያየው ዘንጉን ብቻ ነው፤ ወለሉ የት እንዳለ አያውቅም። በአንዱ ቀለህ ላይ ወለሉን ሳይነካ ያቆማል፣ በሌላው ላይ ኩባያውን ይጨመድዳል።

ከዚህ ተነሥተን የምንመክረው ይህ ነው። ከተኩስ ሜዳ የተለቃቀመ፣ የተለያየ ፋብሪካ ቀለህ የምትሞሉ ከሆነ መዘውሩን ከመንገድ አውጡትና በእጃችሁ ስሜት ግጠሙ። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ጊዜ ምርት የተገዛ ቀለህ ካላችሁና ግርጌው ላይ ባለው ጽሑፍ ለይታችሁ ካስቀመጣችሁ፣ የጉድጓዱንም ጥልቀት በመቁረጫ እኩል ካደረጋችሁ፣ ያኔ መዘውሩ ጠቃሚ ነው። የረጅም ርቀት ተወዳዳሪዎች ትሪ የሌላቸውን፣ አንድ በአንድ የሚጎርሱትን እንደ ሲንክሌር፣ ኬ ኤንድ ኤም እና ትዌንቲ ፈርስት ሴንቸሪ ያሉ መሣሪያዎች የሚወዱት በስሜታቸው ጥራት ነው። ዘገምተኞች ናቸው። ትሪ ስለሌላቸው ግን የጅምላ ፍንዳታ ጥያቄ ከነጭራሹ ይቀራል፤ በዓመት ጥቂት የአደን ጥይት ለሚሞላ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም መሆኑን ብዙዎች ልብ አይሉም።

መሣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ቀለሁ ካልተዘጋጀ ዋጋ የለውም። ቀለሁ ፕራይመሩ ወጥቶ፣ በዳይ ጠብቦ፣ ርዝመቱ ተስተካክሎ፣ የዳይ ቅባቱ ተጠርጎ መሆን አለበት። ቅባት በጣታችሁ ካለ ወደ ፕራይመሩ ይሄዳል፣ ቅባት የገባበት ፕራይመር አይታመንም። ቀለሁን በውኃና አብረው በሚዞሩ ትንንሽ የብረት ዘንጎች ያጠባችሁ ከሆነ የፕራይመሩ ጉድጓድና የእሳት ቀዳዳው እስኪደርቁ ጠብቁ፤ ከውጭ የደረቀ ቀለህ ውስጡ ውኃ ይዞ ያድራል። የጉድጓዱ ወለል ላይ የቀረው ጥቁር ጥቀርሻ በብሩሽ ካልወጣ የመስፉ እግር ብረቱ ላይ ሳይሆን ጥቀርሻው ላይ ይቆማል፤ ፕራይመሩ ከፍ ብሎ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የጦር ሠራዊት ቀለህ፣ በተለይ 5.56 እና 7.62 ኔቶ፣ ፕራይመሩ እንዳይወጣ ዙሪያው ተደፍጥጦ የታሰረ ነው። አሮጌው ፕራይመር ሲወጣ ያ የተደፈጠጠ ከንፈር ይቀራል፣ አዲሱን ኩባያ ይላጨዋል ወይም ያጣምመዋል። እንደ ዲሎን ሱፐር ስዌጅ 600 ባለ መጫኛ ማስፋት ወይም በመቁረጫ በስሱ መቁረጥ ያስፈልጋል። መቁረጫ ሲበዛ ጉድጓዱን ስለሚያሰፋ ከንፈሩ እንደጠፋ አቁሙ። ከውጭ አገር የመጣ ርካሽ ቀለህም ተጠንቀቁ፤ ውስጡን በመብራት ስታዩ በመሀል አንድ ቀዳዳ ካለው ቦክሰር በሚባለው የፕራይመር ሥርዓት የተሠራ ነው፣ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ካለው የበርዳን ነው። በበርዳን መስፉ የቀለሁ አካል ስለሆነ የእጅ መሣሪያዎቻችን አይሠሩለትም። ሁለቱም ሥርዓቶች በ1866 ነው የባለቤትነት መብት የተመዘገበላቸው፤ በርዳን አሜሪካዊ፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ ሆነው ሳለ አሜሪካ የቦክሰርን መያዟ፣ አውሮፓ በርዳንን ማብዛቷ የሚገርም ታሪክ ነው።

የፕራይመሩ መጠንም አለ። ትልቁ ስፋቱ 0.210 ኢንች፣ ትንሹ 0.175 ኢንች ነው። የጠመንጃ ትልቅ ፕራይመር ከሽጉጥ ትልቅ ፕራይመር ቁመቱ ይበልጣል፤ በሽጉጥ ቀለህ ከገባ ወጥቶ ይቆማል። የጠመንጃ ትንሽና የሽጉጥ ትንሽ በቁመት ይመሳሰላሉ፣ ግን የሽጉጡ ኩባያ ስስ ስለሆነ በ.223 ግፊት ሊበሳ ይችላል። የ.45 ኤሲፒ ቀለህ ከሜዳ ስትሰበስቡ ትንሽ ጉድጓድ ያለው ተቀላቅሎ ይመጣል፤ 6.5 ክሪድሞርም እንዲሁ በሁለቱም መጠን ይሠራል፣ የላፑዋ ፋብሪካ ቀለህ ትንሽ፣ የሆርናዲ ትልቅ ነው። ትልቅ ፕራይመር በትንሽ ጉድጓድ ላይ በጉልበት መጫን አደገኛ ከሆኑት ስሕተቶች ዋነኛው ነው። መሣሪያውን ከመያዛችሁ በፊት ቀለሆቹን ገልብጣችሁ በዓይን ለዩ።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የዓይን መከላከያ መነጽር። ያለ መነጽር አንዲት ፕራይመርም አትግጠሙ። ትሪውን ባዶ አድርጋችሁ ትክክለኛውን ዘንግና መያዣ አስገቡ፣ ክንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ጭበጡና ዘንጉ በመያዣው ቀዳዳ መሀል መውጣቱን አረጋግጡ። ከዚያ ፕራይመሩን ከራሱ ማሸጊያ በቀጥታ ትሪው ላይ አፍስሱ። ከ100 በላይ በፍጹም፤ ለጀማሪ 25 ይበቃል። ትሪው ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ፕራይመሮቹን ለመገልበጥ ናቸው፤ በቀስታ ወደ ጎንና ጎን አወዛውዙት፣ ሁሉም መስፋቸው ወደ ላይ እስኪሆን። አልገለበጥ ያለውን በጣት አትመቱት፣ በንጹሕ ጣት አንሡና አዙሩት። ክዳኑን ዝጉ።

ቀለሁን እስከ መጨረሻው ወደ መያዣው አስገቡ። ግማሽ የገባ ቀለህ ጉድጓዱ ከዘንጉ ጋር ስለማይገጥም ፕራይመሩ በጎኑ ይገባል። መሣሪያውን ከፊታችሁ ራቅ አድርጉ፣ አፉ ወደ ሰው እንዳይዞር ጠብቁ፣ ከዚያ ክንዱን በአንድ እኩል ግፊት ጭበጡ፤ አትምቱ፣ በድንገት አትጭበጡ። ማቆሚያው ሲሰማችሁ ጥቂት ጨምሩ፣ ልቀቁ፣ ቀለሁን በግማሽ ዙር አዙሩና አንዴ ቀለል አድርጋችሁ ድገሙት። ሁለተኛው ጭብጥ አጋድሎ የገባን ያቃናል።

አሁን እጅ ምን እንደሚል እንስማ። ክንዱ ገና ሲጀምር ድርቅ ብሎ ከቆመ የተደፈጠጠ ከንፈር፣ የመጠን ስሕተት ወይም በጎኑ የቆመ ፕራይመር አለ። አቁሙ። ተጨማሪ ጉልበት በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ቅመሙን መጨፍለቅ ነው፤ በእጅ መሣሪያ ላይ የሚደርሱ ፍንዳታዎች የሚመጡት «ትንሽ ልጨምር» በሚለው ግፊት ነው። ፕራይመሩ ያለ ምንም ተቃውሞ ከገባ ደግሞ ጉድጓዱ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የተተኮሰ ወይም ከልክ ባለፈ ባሩድ የተተኮሰ ቀለህ እንዲህ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀለህ ጋዝ ወደ ኋላ ያስወጣል፣ የመቀርቀሪያውን ፊት ይበላል። ለይታችሁ ጣሉት። ስፖንጅ እንደመጫን ያለ ለስላሳ መጨረሻ ከሰማችሁ ወለሉ ላይ ጥቀርሻ አለ። ይህን ሁሉ ፕሬሱ አይነግራችሁም።

ተገልብጦ የገባ ፕራይመር ካጋጠመ በመዶሻ ወይም በምስማር ለማስወጣት የሚሞክር ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ባዶ ቀለህ ከሆነ፣ መነጽር አድርጎ፣ ሌላ ፕራይመርና ባሩድ ከአካባቢው አንሥቶ፣ በፕሬሱ የፕራይመር ማውጫ ዳይ በጣም በዝግታ መግፋት ይቻላል። ከፍ ብሎ የቀረውን ባሩድ ገና ባልገባበት ቀለህ ላይ እንደገና መጫን ይቻላል። ባሩድና እርሳስ (ከአፈሙዙ የሚወረወረው ጫፍ) ከገባበት በኋላ ግን ፕራይመሩን ለመጫን መሞከር በእጅ የያዛችሁትን ጥይት እንደመተኮስ ነው። እርሳሱን ጨብጦ በሚስበው በኮሌት ማውጫ ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ባሩዱን አፍስሱ፣ ከዚያ ስለ ፕራይመሩ አስቡ።

መፈተሻው ቀላል ነው። ፕራይመር የተገጠመለትን ቀለህ ሁሉ በግርጌው ላይ ጣታችሁን አሳልፉ፤ ጣት ዝቅታውን መስማት አለባት። ጥርጣሬ ካለ ቀለሁን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁሙት፤ ከተወዛወዘ ፕራይመሩ ወጥቷል። ቁጥር የሚፈልግ ሰው የካሊፐሩን የጥልቀት ዘንግ ተጠቅሞ ከአሥር ቀለህ አንዱን ይለካ። የፕራይመሩ ፊት ላይ ክብ ጥልቅ አሻራ ካያችሁ ዘንጉ ላይ ቆሻሻ ተጣብቋል ወይም ጭብጣችሁ በዝቷል።

የተረፈውን ፕራይመር ትሪው ውስጥ አታሳድሩ። ወደ ራሱ ማሸጊያ መልሱት፤ የተለያየ ዓይነት ፕራይመር ከማሸጊያው ከወጣ በኋላ በመልክ ለመለየት ያስቸግራል፣ መደበኛውን ሲሲአይ 400 ከማግነሙ 450 የሚለይ ዓይን የለም። በጠርሙስ ወይም በቆርቆሮ በጅምላ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይሁን፤ አንዱ ከተነሣ ሁሉም ይነሣል፣ ማሸጊያው የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው። የብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ ቁጥር 495 ለመኖሪያ ቤት የሚፈቅደው እስከ 10,000 ፕራይመር ነው፤ ከባሩዱ ለይታችሁ፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቁልፍ ሥር አኑሩት። የአብዛኛው ፕራይመር ቅመም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ሥራው ሲያልቅ እጅ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ በሥራው ጠረጴዛ ላይ ቡናም ምግብም አይቀርብም።

መሣሪያውንም ጠብቁት። በየጥቂት መቶ ፕራይመሩ ከትሪውና ከመተላለፊያዋ ውስጥ ቢጫማ ወይም ግራጫ ብናኝ ይጠራቀማል፤ ይህ ከፕራይመር የተራገፈ ቅመም ነውና ራሱ ይፈነዳል። በደረቅ አትፈግፍጉት፣ በኮምፕሬሰር አትንፉት። ትሪውን ባዶ አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን እርጥብ እንደሆነ አስወግዱ፣ ፕላስቲኩን በደንብ አድርቁ። የክንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ይበቃል፤ ዘንጉና መተላለፊያዋ ግን ዘይት አይንካቸው። ዘንጉ በእጅ ሲገፋ እየተያዘ የሚወጣ ከሆነ ወይም መዝጊያው ተሰንጥቆ ካያችሁት፣ በዚያ መሣሪያ አንድ ፕራይመር እንኳ ሳትገጥሙ መለዋወጫውን ከአምራቹ እዘዙ።